የጠበቃው እህት

«እዚያ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ የቅርብ ዘመድ የለኝም።»

እታለም ይህን የሰማችው ገና በደንብ ሳይነጋ፣ ሻይ ልትጥድ ተነሥታ በመታጠቢያ ክፍሉ በር ስታልፍ ነው። ድምፁ የታናሽ ወንድሟ ነው። ውሃውን ከፍቶ፣ በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ፣ ከመስተዋት ጋር ያወራል። አንዴ ኮስተር ብሎ ይለዋል፤ አንዴ ፈገግ እንዳለ ሰው ለስለስ ያደርገዋል፤ አንዴ ደግሞ «ክቡር ሰብሳቢ» ብሎ ይጀምርና ጉሮሮውን ይጠርጋል። «ክቡር ሰብሳቢ፣ እህትም ወንድምም የለኝም።» እዚህ ላይ ድምፁ ከዳው። ውሃውን ጭራሽ ለቀቀውና ፊቱን ደጋግሞ ሲታጠብ ተሰማ። እታለም ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ከዚያ የሰማች እንዳይመስል በጣቷ ጫፍ እየረገጠች ወደ ማብሰያው ተመለሰችና ማንቆርቆሪያውን ሆን ብላ አንኳኳችው፤ መነሣቷን እንዲያውቅ።

እውነቱን ለመናገር ማታ ሲመጣ ነው ነገሩ የሸተታት። ሰፊ ቤት ያለው፣ ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው መኪናውን ቅያሱ አፍ ላይ አቁሞ «ዛሬ እዚህ ልደር» ብሎ ሲመጣ ደህና ነገር ይዞ አይመጣም። ጋዜጠኞች ደጄን ዘግተው አላስወጣ አላስገባ አሉኝ አለ። ሶፋው ስለሚያጥርበት እግሩ ከመደገፊያው አልፎ ተንጠልጥሎ አደረ። ከመተኛታቸው በፊት ያላወሩት ነገር የለም፤ ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ዳቦ ዋጋው እየጨመረ መጠኑ እያነሰ ስለ መሄዱ፣ አከራይዋ ኪራይ ልትጨምር ስትመጣ ለቅሶ ቤት የመጣች መስላ ስለ መግባቷ፤ በዚህኛው ሁለቱም ሳቁ። ስለ ልጆቹ ትምህርትም አነሡ። አንዷን ነገር ብቻ አላነሡም። ያች አንዷ ነገር ግን በሁለቱ መካከል እንደ ሦስተኛ ሰው ቁጭ ብላ አመሸች።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንግሥት ወንድሟን ለፌዴራሉ የአሠሪና ሠራተኛ ቦርድ አባልነት አጭቶታል። ቦርዱ ከሥራ የተባረረ፣ ሥራ ላይ የተጎዳ፣ ደመወዙ የተያዘበት ሰው መጨረሻ ላይ ሄዶ የሚጮህበት ቦታ ነው። አምስት ወንበር አለው። አንደኛው አባል ጡረታ ከወጡ ወዲህ አራት ቀርተዋል፤ አምስት ካልሞሉ ደግሞ መዝገብ አይከፈትም የሚል ደንብ አለ። ስለዚህ የሀገሩ ክርክር ሁሉ መደርደሪያ ላይ ተኝቶ አቧራ ይጠግባል። ወንድሟ ዕድሜውን ሙሉ ለሠራተኛ ሲከራከር የኖረ ሰው ነው። ገና ሱሪው ከወገቡ ሳይጸና ጀምሮ ከባለሱቁ፣ ከአስተማሪው፣ ከራሷ ከእታለም ጋር ሲሟገት ይውል ስለ ነበር «ጠበቃው» የሚለውን ስም ያወጣለት ሰፈሩ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው በኋላ አጸደቀለት እንጂ። ዕጩነቱ በተሰማ ማግስት ታዲያ የአሠሪዎች ማኅበር ተነሣበት። በሬዲዮ ማስታወቂያ፣ በጋዜጣ ሙሉ ገጽ፣ በየፋብሪካው በር ላይ ደግሞ ቀይ መስመር የተሰመረበት ፎቶግራፉ። «ይህ ሰው ከተሾመ እንጀራህ ይዘጋል» ይላል ጽሑፉ። እታለም እንደገባት ከሆነ ማኅበሩ ወንድሟን ያን ያህል ጠልቶት አይደለም። የሚወደው ባዶውን ወንበር ነው። ባዶ ወንበር አይጠይቅ፣ አይፈርድ፣ ካሣ ክፈል አይል።

የማኅበሩ ሰብሳቢ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እታለም የምትሠራበት የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ ባለቤት። ይህም አልበቃ ብሎ በዚያው ፋብሪካ ላይ በተከፈተ አንድ መዝገብ ዋናዋ ምስክር እሷው ናት። ዝምድናቸውን ፋብሪካው ውስጥ የሚያውቅ የለም። እናታቸው አንዲት ብትሆንም አባታቸው ሁለት ስለሆነ የአባት ስማቸው አይገናኝም፤ ጠበቃውም እስከ ዛሬ በፋብሪካው በር ዝር ብሎ አያውቅም። ከታወቀ ግን ወይ ወንበሩን ያጣል፣ ወይ «ከእህትህ መዝገብ ገለል በል» ይባላል፤ ገለል ካለ ደግሞ ተመልሶ አራት ነው፤ መዝገቡ ያው እንደተዘጋ መቅረቱ ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ በምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ይጠየቃል። እታለም ይህን ሁሉ ታውቃለች። ቢሆንም «እህት የለኝም» የሚለውን በገዛ ቤቷ፣ በገዛ መስተዋቷ ፊት መስማት ሌላ ነገር ነው።

ከመታጠቢያ ክፍል ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። የሸሚዙ ኮሌታ ተጨማዷል ብላ ከላዩ ላይ አወለቀችውና ተኮሰችለት። በካኒቴራ ጠረጴዛው ዳር ተቀምጦ ሻዩን ያማስላል፤ ስኳር አልጨመረበትም። ትከሻው ከስቷል። እናታቸው የሞተች ጊዜ ያዘለችው ልጅ፣ የጠርሙስ ማጠቢያ ውሃ እጇን እየላጠው ደብተር የገዛችለት ልጅ አሁን ፀጉሩ ሸብቷል። ከካውያው በላይ ቀና ብላ አየችውና አንጀቷን በላት። ይህ ልጅ ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ መስተዋት ላይ መለማመድ ባላስፈለገው። ወደ በሩ ከሸኘችው በኋላ መለስ አለ።

«እታለም፣ ዛሬ ድንገት ሰው መጥቶ ስለ እኔ ቢጠይቅሽ…»

«ገባኝ» አለች ከአፉ ነጥቃ። «ሂድ፣ እንዳትዘገይ።»

ግንባሯን ሳማት። መኪናው ተነሥቶ ከቅያሱ እስኪወጣ ድረስ በሩ ላይ ቆመች፤ ከዚያ ሶፋው ላይ የተዘበራረቀውን ብርድ ልብስ አጣጥፋ፣ ነጠላ ጫማዋን ቀይራ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ሥራዋ ማየት ነው። ከማጠቢያው የወጡ ባዶ ጠርሙሶች በብረት ሰንሰለት ላይ ተሰልፈው በነጭ መብራት ፊት ከግራ ወደ ቀኝ ያልፋሉ፤ እሷ ፊት ለፊት ተቀምጣ የተሰነጠቀውን፣ አንገቱ የተሸረፈውን፣ ሆዱ ውስጥ ዝንብ ወይም የሲጋራ ቁራጭ የያዘውን እየነጠቀች ታወጣለች። በዚህ ሥራ ላይ ያሉትን ሴቶች ፋብሪካው «ዓይኖች» ይላቸዋል። «ዛሬ ሁለት ዓይን ጎድሎኛል» ይላል የፈረቃው ኃላፊ፣ ሁለት ሰው ቀረብኝ ለማለት፤ አዲስ ተቀጣሪ ይህን ሲሰማ ይደነግጣል፣ እነሱ ይስቁበታል።

ዓይኖች የሚያውቁት፣ ሌላው የማያውቀው አንድ ጣጣ አለ። ጠርሙስ ወደ ቀኝ ሲሄድ ሲያይ የዋለ ሰው ዓይኑን ነቅሎ የቆመ ነገር ሲያይ፣ የቆመው ነገር ወደ ግራ መሄድ ይጀምራል። ግድግዳው ይሄዳል። በሩ ይሄዳል። ፊት ለፊቱ የቆመ ሰው አፍንጫ ሳይቀር ጉዞ ይጀምራል። ስለዚህ ፈረቃ ሲያልቅ ዓይኖች ወዲያው መንገድ አይሻገሩም። ከበሩ አጠገብ አንዲት አግዳሚ ወንበር ነበረች፤ እዚያ ተደርድረው ይቀመጡና ማዶ ያለውን አጥር ያያሉ። «ቆመልሽ?» «ኧረ ገና፣ እየሄደ ነው። ያንቺስ?» «የእኔ ቆሟል።» የቆመላት ቦርሳዋን አንሥታ ትሄዳለች። ይህን ያስተማራቸው የለም፤ ትልልቆቹ ለትንንሾቹ እያወረሱት የመጣ ልማድ ነው። ድሮ ደግሞ በየግማሽ ሰዓቱ ይቀያየሩ ስለ ነበር ብዙም አይከፋም ነበር። አዲሱ ማሽን ገብቶ ሰንሰለቱ ሲፈጥን መቀያየሩ ቀረ። ቀጥሎ አግዳሚዋ ተነሣች፤ ባለፋብሪካው እንግዳ ይዞ ሲገባ ሴቶች ተደርድረው አጥር ላይ አፍጥጠው ቢያይ «ይሄ መናፈሻ ነው እንዴ?» አለ ተባለ።

ከዚያ በኋላ ነው ሳቂታዋ የሞተችው። ሳቂታዋ ከእታለም ጎን የምትቀመጥ ዓይን ነበረች፤ ሳቋ ከማሽኑ ድምፅ በላይ የሚሰማ፣ በራሷ ድህነት እንኳ ስትቀልድ የምትውል ሴት። ያን ዕለት ዝናብ ነበረ። መቀመጫ የለ፣ መጠለያ የለ፤ ሁለቱ አንዲት ላስቲክ ለሁለት ደርበው የፋብሪካው ግንብ ላይ ተለጥፈው ቆሙ። «እታለም፣ የእኔ አጥር ዛሬ ጭራሽ እየጋለበ ነው» አለችና ሳቀች። ወዲያው አውቶቡሱ ማዶ መጣ። ቆይ ስትላት «ልጄ ብቻዋን ናት» ብላ ሮጠች። ወደ ቀኝ ሲበር የመጣውን የጭነት መኪና በዚያ ዓይኗ የቆመ መስሏት ነው የገባችበት። ፋብሪካው ሟቿ የሞተችው በመንግሥት መንገድ ላይ፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ፣ በገዛ ጥንቃቄ ጉድለቷ ነው አለ። እናቷና ትንሿ ልጇ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ጉዳዩ ቦርድ ደረሰ፤ የሚንጠለጠለውም በአንዲት ነገር ላይ ነው። ሳቂታዋ ከመሻገሯ በፊት ዓይኗ እንዳልተመለሰ ተናግራለች ወይስ አልተናገረችም? ይህን የሰማ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። እታለም።

ረፋዱ ላይ የፈረቃው ኃላፊ ትከሻዋን ነካ አድርጎ አስተዳደር ትፈለጊያለሽ አላት፤ ሌላ ዓይን በቦታዋ ገባች። ደረጃውን ስትወጣ ደረጃው ወደ ግራ ይሸሽባታል፤ መደገፊያውን ጨብጣ ነው የወጣችው። ቢሮው ቀዝቃዛ ነው፣ ወለሉ ምንጣፍ ለብሷል። የአስተዳደሩ ሰውዬ ብድግ ብሎ ተቀበላት። ከዚህ በፊት «አንቺ» ነበር የሚላት፣ ያውም ሳያያት፤ ዛሬ «ይቀመጡ፣ እርስዎ ደግሞ» አላት። ይህን ስትሰማ ነው ጉድ መፍላቱን ያወቀችው። አጠገቡ የፋብሪካው ነገረ ፈጅ ተቀምጣለች፤ ድምፀ ለስላሳ፣ ገና ወጣት፣ ጥፍሯ ንጹሕ። ውሃ ቀዱላት። ጉልበቴን ያመኛል ብለው ነበር አሉ፣ እንዴት ነው አሁን? ዳቦስ እናንተ ሰፈር ስንት ገባ? እታለም የሰውዬው ፊት ቀስ እያለ ወደ ግራ ሲንሸራተት እያየች መለሰች። ፊቱ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ነገረ ፈጇ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ «የምንነጋገረው ይቀረጻል፣ ቅር ካላለዎት» አለች። እታለም ቅር አይለኝም አለች። ምን ልትል ትችል ነበር?

«ለመሆኑ» አለች ነገረ ፈጇ፣ «ዛሬ ምክር ቤት የሚቀርበው ዕጩ፣ ያ ጠበቃ፣ ምንዎ ነው?»

እታለም ያሰበችው ሁሉ ባንዴ ነው የመጣባት። ወንድሜ ነው ብትል፣ እነዚህ ሰዎች ወዲያው ደውለው ይነግራሉ። ከሰዓት በኋላ እሱ በሀገር ፊት ቆሞ «እህት የለኝም» ሲል ይይዙታል። ያኔ የሚያጣው ወንበር ብቻ አይደለም፤ ስሙን ነው፣ ዕድሜ ልኩን የለፋበትን። በውሸቱ ላይ ተገኝቶ የሚዋረደውም በእሷ አፍ ነው። የጠዋቱ ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ አለ። እሱ እሷን ለመካድ እንዲያ የተጨነቀው ለማን ብሎ ነው? ለሳቂታዋ ልጅም አይደል? እንግዲያው ሸክሙን አብሬው ልያዝለት አለች በልቧ።

«ምኔም አይደለም። አላውቀውም።»

«በቴሌቪዥን ካልሆነ በቀር?»

«በቴሌቪዥን ካልሆነ በቀር።»

ነገረ ፈጇ ራሷን ነቀነቀች። ትናንት ማታ እንግዳ ነበረብዎ ወይ ብላ ጠየቀች። እታለም አልነበረብኝም አለች። ቅያሱ አፍ ላይ መኪና ቆሞ ነበር ይባላል ብትላት፣ እታለም እንደሱ ያለ ትልቅ ሰው እኔ ቤት ምን ሊሠራ ይመጣል አለችና ሳቅ አለች። እነሱም ሳቁ። እንዲህ አሳምራ መዋሸት እንደምትችል ራሷም አታውቅም ነበር። የአስተዳደሩ ሰውዬ እስከ በሩ ድረስ ሸኛት፤ በሩንም ራሱ ከፈተላት። ደረጃውን ስትወርድ ልቧ ውስጥ ደስታ የመሰለ ነገር አለ። አዳንኩት አለች። ወደ ቦታዋ ተመልሳ እስከ ምሳ ድረስ ጠርሙሶቹን ስታይ አንድም የተሸረፈ አላመለጣትም።

የሠራተኞች መመገቢያ አዳራሽ ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን በሌላ ቀን ቢለምኑት አይከፈትም፤ ቁልፉ ጠፋ፣ ገመዱ ተበጠሰ ይባላል። ዛሬ ማንም ሳይጠይቅ ተከፍቶ ድምፁ እስከ ጥግ ተለቋል። የምሳ ሰዓቱም እንዲራዘም ተፈቅዷል። ባለፋብሪካው በማኅበሩ ስም መጀመሪያ ተናገረ። ጨዋ አነጋገር ነው፤ ሰውዬውን በግል አንቃወምም፣ የምንፈራው ለሥራ ዕድሉ ነው፣ ባለሀብት ሲፈራ ፋብሪካ ይዘጋል፣ ፋብሪካ ሲዘጋ ቀድሞ የሚራበው ድኻው ነው አለ። ድኻው የሚለውን ሲል ድምፁ ራራ። አዳራሹ ውስጥ አንዷ «የእኛ ነገር እንቅልፍ ነስቶታል ማለት ነው» ብላ አጉረመረመች፤ ጎረቤቷ በክርኗ ጎሸመቻት።

ቀጥሎ ጠበቃው ቀረበ። በተተኮሰው ኮሌታ እታለም አወቀችው፤ ከዚያ ውጪ ግን ስክሪኑ ላይ ያነሰ መሰላት። ስለ ሕግ ጠየቁት፣ መለሰ። ለሠራተኛ አዳልተህ አትፈርድም ወይ አሉት፣ እንደ ሕጉ እፈርዳለሁ አለ። ብዙዎቹ ሴቶች ሰልችቷቸው ሳህናቸውን ማጠብ ጀመሩ። እታለም አልተነሣችም። መጨረሻ ላይ አንድ ወፍራም የኮሚቴ አባል መነጽሩን አወለቀና አንዲት አጭር ጥያቄ ቀርታኛለች አለ። «በማኅበሩ ሰብሳቢ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ የቅርብ ዘመድ አለዎት?» እታለም ዓይኗን ጨፈነች። የሚለውን ታውቀዋለችና እንዳይሰማት ልቧን አጠነከረች። በል፣ የለኝም በል አለች ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። በል፣ እኔ ብያለሁ።

ዓይኗን ስትገልጥ ወንድሟ ውሃ ይጠጣል። ብርጭቆውን አስቀመጠው።

«አለችኝ» አለ።

ጉምጉምታ ተነሣ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጠረጴዛ መታ።

«ታላቅ እህት አለችኝ። እዚያው ፋብሪካ ውስጥ ጠርሙስ ታያለች። እናታችን ስትሞት ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገችኝ፣ ያስተማረችኝ እሷ ናት። በአንድ መዝገብም ምስክር ናት። ዛሬ ጠዋት የለችም ለማለት ስለማመድ ነበር፣ ክቡር ሰብሳቢ። አልሆነልኝም።»

የኮሚቴው አባል አመሰግናለሁ ብሎ መነጽሩን መልሶ አደረገ። ባለፋብሪካው ከኋላ ተቀምጦ ታየ፤ አልሳቀም፣ ሰዓቱን ብቻ አየ። መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ውሃው ተዘጋ፣ ሳህን ማንኳኳቱ ቆመ። «ጠርሙስ ታያለች አለ እኮ፤ ከእኛ መካከል ናት ማለት ነው?» አለች አንዷ። ዓይኖች እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ አንድ በአንድ እታለም ላይ አረፉ። ተቀምጣ ታለቅሳለች። አንዲት ልጅ እግር መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ ሌሎቹ ማጨብጨብ ጀመሩ። «ለምን ደበቅሽን? እንዲህ ያለ ወንድም እያለሽ!» ይሏታል። እሷ ከትከሻቸው በላይ በሩን ታያለች። በሩ ላይ የአስተዳደሩ ሰውዬ ቆሟል። አልተቆጣም። እንደ ወዳጅ ራሱን ዘንበል አድርጎ ሰላምታ ሰጣትና ሄደ። ያን ጊዜ ነው የገባት። ቀድሞውንም ያውቁ ነበር። ወንድሜ ነው ብትል ለእነሱ ደግ፣ አላውቀውም ብትልም ለእነሱ ደግ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ የተኛው የእሱን ሳይሆን የእሷን ቃል ለመያዝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ መንግሥት ዕጩውን ማንሣቱ ተሰማ። የማኅበሩ መግለጫ ግልጽነት አሸነፈ ይላል። ፈረቃው ሲያልቅ ነገረ ፈጇ በመተላለፊያው ላይ ጠበቀቻት፤ ያው ለስላሳ ድምፅ ነው። ረፋድ ላይ የተቀረጸውን ቃሏን ከቦርዱ መዝገብ ጋር እንደምታያይዘው ነገረቻት፤ ቀድሞ ማሳወቅ ደግ ነው ብላ ነው። ዛሬ ይከፈት፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ይከፈት፣ መዝገቡ ውስጥ ይጠብቃል አለች። «አይቀየሙኝ እናቴ። ግን ወንድሜን አላውቀውም ያለች ምስክር፣ ሟቿ አጥሩ አልቆመልኝም ብላኛለች ብትል ማን ያምናታል? እኔ ብሆን አላምናትም።» ጥፍረ ንጹሗ ሴት መልካም ምሽት ተመኝታላት ሄደች።

በሩ ላይ የሴቶች ግርግር ነበር። ወንድሟ መኪናውን ከገዛ ፎቶግራፉ ሥር፣ ከቀይ መስመሩ አጠገብ አቁሞ ወርዷል። ዘበኛው ማንን ፈልገው ነው ሲለው «እህቴን» አለ፤ አጠገቡ ያሉት ሁሉ እንዲሰሙ ጮክ ብሎ። እታለም ከዓይኖች ጋር አጥሩን አላየችም፣ አልጠበቀችም፤ አጥሩ፣ ሰዎቹ፣ መኪናው ሁሉ ወደ ግራ እየፈሰሰ መሃል ለመሃል ሄደች። አቀፋት። እንደ ልጅነቱ አገጩን ትከሻዋ ላይ አደረገ። ጠዋት የከሳው ሰውዬ አይመስልም፤ ሸክም ያወረደ ሰው ነው። ሴቶቹ እያጨበጨቡ መንገድ ለቀቁላቸው፤ አንዲቷ በሩ ላይ ያለውን ፎቶ ገንጥላ አጥፋ ጡቷ ሥር ሸጎጠችው።

«ሰማሽኝ?» አላት መኪናው ውስጥ ሲገቡ።

«ሰማሁህ። ኮራሁብህ» አለች፤ ይህኛው እውነት ነው።

እሱ ሞተሩን ሳያስነሣ ብዙ አወራ። ወንበሩ ቢቀር ይቅር አለ። ጠዋት እንዴት ያለ ውርደት ውስጥ እንደነበረ፣ ብርጭቆውን ሲያነሣ የእሷ እጅ ትዝ እንዳለው፣ ከዚያ በኋላ መዋሸት እንዳቃተው ነገራት። መንግሥት እንግዲህ ሌላ ሰው ማጨቱ አይቀርም፤ ከወራት በኋላም ቢሆን አምስት ይሞላል፣ መዝገቡ ይከፈታል። «ከዛሬ ጀምሮ የምንደብቀው የለም። ያኔ ቀና ብለሽ ትመሰክሪላታለሽ። እኔን አግኝተው ጣሉኝ፣ አንቺን ግን በምን ይጥሉሻል? አንቺ እኮ በሕይወትሽ ዋሽተሽ አታውቂም።» እታለም መስኮቱን አየች። ልንገረው አለች በልቧ፤ አሁን ልንገረው። ቀና ስትል ግን ፊቱን አየችው። እንዲህ ያለ ፊት ያየችው ፈተናውን አልፎ እየሮጠ የመጣ ዕለት ነበር። አልቻለችም።

«ለሳቂታዋ እናት ደወልኩላት» አለ ሞተሩን እያስነሣ። «ወንበሩ ቢቀርም እታለም አለችልሽ፣ እሷን የሚነካት የለም አልኳት። አለቀሰች። ዛሬውኑ መጥታ በገዛ አፏ ትንገረኝ፣ ያኔ ነው የማምነው አለች። ልጅቷንም ትምህርት ቤት ደርሳ አምጥታ እየጠበቀችን ነው። ቤቱን አላውቀውም፤ ምሪኝ።»

እታለም ቀበቶውን አሠረች። እጇ ሁለት ጊዜ ስቶ በሦስተኛው ነው የገባላት።

«ከአውቶቡሱ ማቆሚያ አልፈህ ወደ ቀኝ ታጠፍ» አለችው።